ምክር ሳይሰጡ መርዳት፦ ላይፍ ኮቺንግን ደሴ ላይ ሆኖ ለመጀመር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ኮምቦልቻ ካምፓስ ተምራ የተመረቀች አንዲት የማውቃት ልጅ ሥራ ካጣች ዓመት አልፏት ነበር። ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ቡና ጋበዝኳትና አንድ ሰዓት ሙሉ መከርኳት። ሲቪሽን እንዲህ አስተካክዪ፣ እዚህ መሥሪያ ቤት አመልክቺ፣ የኮምፒውተር ኮርስ ያዢ። በመጨረሻም «አብሽሪ፣ ያልፋል» አልኳት። አመስግናኝ ሄደች። ከሦስት ወር በኋላ መንገድ ላይ ሳያት ከነገርኳት አንዱንም አላደረገችም። አፍራ ነበር፣ ዓይኔን ማየት አልቻለችም።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ልጅቷ ምክር አልጎደላትም። እናቷ መክረዋታል፣ አጎቷ መክሯታል፣ የቅሬው (የእድሩ) ሰብሳቢ ሳይቀሩ መክረዋታል። ወሎ ውስጥ ምክር ከቡናው ጋር አብሮ ይቀርባል። የጎደላት «አንቺስ ምን ታስቢያለሽ?» ብሎ ጠይቆ መልሷን እስከ መጨረሻው የሚሰማት ሰው ነበር።

ላይፍ ኮቺንግ የሚባለው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መምህር፣ የጤና ባለሙያ፣ የሰው ኃይል ሠራተኛ፣ ወይም ጓደኞቻችሁ ሁሌ የሚያማክሯችሁ ሰው ከሆናችሁና ይህን ነገር በደንብ ልያዘው ካላችሁ፣ እኔ የሄድኩበትን መንገድ በየደረጃው አስቀምጥላችኋለሁ። አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ገንዘብም እምብዛም አይጠይቅም።

ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ

ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ይፈርዳል። መምህር ያስተምራል። የሥነ ልቦና ባለሙያ ያክማል። አነቃቂ ተናጋሪ መድረክ ላይ ወጥቶ ልብ ያሞቃል። ኮች ከእነዚህ አንዱንም አይሠራም። ጤነኛ ሆኖ ግን አንድ ቦታ ላይ የቆመ ሰው የሚፈልገውን ራሱ እንዲለይ፣ ቀጣዩን እርምጃ ራሱ እንዲመርጥና እንዲፈጽመው አብሮት ይቆያል።

ቃሉ የመጣው ኮች ከምትባል የሃንጋሪ መንደር ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን በጥሩ ሠረገላ የታወቀች መንደር ነበረች። የሠረገላው ስም ቆየት ብሎ እንግሊዝ አገር ውስጥ ተማሪን ለፈተና ለሚያዘጋጅ አስጠኚ ተሰጠ። እኔ ለሰዎች ሳስረዳ ግን ባጃጅ እላለሁ። ከፒያሳ ተሳፍሮ «ሰኞ ገበያ» ላለ ሰው ባለባጃጁ «ቧንቧ ውሃ ብትሄድ ይሻልሃል» አይለውም። መድረሻው የተሳፋሪው ነው።

አንደኛ፦ ሁለት ወር ራሳችሁ ላይ

ሌላ ሰው ከመያዛችሁ በፊት ራሳችሁን ያዙ። ይህን መዝለል አይቻልም። የራሱን አንድ ልማድ ለመቀየር ታግሎ የማያውቅ ሰው፣ ሌላው ሲያቅተው ስንፍና ይመስለዋል።

ደብተር ግዙ። ስልክ ላይ አትጻፉ፣ ስልክ ሌላ ቦታ ይወስዳችኋል። አንድ ጉዳይ ብቻ ምረጡ። «ራሴን መለወጥ» ግብ አይደለም፤ መቼ እንደተሳካ አይታወቅማ። «እስከ ጥር መጨረሻ በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ግማሽ ሰዓት እንግሊዝኛ አነባለሁ» ግን ግብ ነው። ቀጥሎ አሁንም ከምታደርጉት ነገር ጋር እሰሩት። «ሱብሂ ሰግጄ እንደጨረስኩ»፣ «ኪዳን ደርሼ ስመለስ»፣ «ለአቦሉ ቡና እስኪቆላ»። ሰዓት ከምትመርጡ እንዲህ ያለ ማሰሪያ ብትመርጡ ይሻላል። ሰዓት ይረሳል፣ ሶላትና ቡና አይረሳም።

እንቅፋቱንም ቀድማችሁ ጻፉት። የደሴ ጠዋት ብርዱ ከባድ ነው። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ሲተኛ ከብርድ ልብስ መውጣት ትግል ነው። እኔ መጽሐፌን ከጋቢዬ ጋር ራስጌዬ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ለእኔ ግን የሠራችው እሷ ናት።

«21 ቀን ከደጋገማችሁት ልማድ ይሆናል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አትመኑት። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እነ ፊሊፓ ላሊ 96 ሰዎችን ተከታትለው ያገኙት ሌላ ነው። አንድ ነገር ያለ ብዙ ትግል በራሱ እስኪሄድ ድረስ መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ሆኖ ተገኘ። ከሰው ሰው ደግሞ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ነገሩን እንደማያበላሸውም አይተዋል። ይህን ማወቅ ለኮች ትልቅ ነገር ነው። በ22ኛው ቀን «አልቻልኩም» ብሎ የመጣን ሰው ገና መንገድ ላይ እንደሆነ ከልባችሁ ልትነግሩት ትችላላችሁ።

ሁለተኛ፦ መስማት

እዚህ ላይ ረዘም ላድርግ፤ ሥራው ይህ ነውና።

እኛ አገር ጥሩ ሰው ማለት የሚያጽናና ሰው ነው። አንድ ሰው ችግሩን መናገር ሲጀምር «አብሽር» እንላለን። ቃሉን እወደዋለሁ፣ እናቴም የምትለኝ እሱን ነው። ሐዘን ቤት ቦታው ነው። ግን ነገሩን ገና እየፈታ ላለ ሰው ቶሎ ከተባለ በር ይዘጋል። ሰውየው «በቃ፣ ሰምቶኛል» ብሎ ያቆማል፤ ዋናው ነገር ግን አልወጣም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምድ ይህ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ፣ ሰው ቡና ላይ ሲያዋራችሁ አቦሉ እስኪያልቅ ምንም ምክር አትስጡ። ጠይቁ፣ ወይም ዝም በሉ። ከቶና በኋላ የፈለጋችሁትን ተናገሩ። ከባድ ነው። ምላሳችሁ ጫፍ ላይ ስንት ምክር እንደሚመጣ ቁጠሩት። እኔ በመጀመሪያው ቀን 11 ቆጥሬያለሁ።

ሁለተኛው ልምምድ «ለምን»ን መተው ነው። በአማርኛ «ለምን አልሄድክም?» ሲባል ጥያቄ አይመስልም፣ ክስ ነው። ሰውየው ወዲያው ይከላከላል፣ ሰበብ ይደረድራል። «ምን ያዘህ?» በሉት። መልሱ ሌላ ይሆናል። «ለምን ተቆጣሽ?» ከማለት «በጣም የነካሽ የቱ ነው?» ይሻላል። ቃሏን መልሶ መስጠትም ይሠራል። «ደከመኝ» ካለች «ደከመሽ…» ብላችሁ ቆዩ። ትቀጥላለች።

ሦስተኛው ዝምታ ነው። ከጠየቃችሁ በኋላ አምስት ትንፋሽ ቁጠሩ። ዝም ያለ ሰው እያሰበ ነው። ጥያቄውን በሌላ ጥያቄ አትሸፍኑበት።

ያቺን ልጅ በኋላ ይቅርታ ጠየቅኳት። እንደገና ተቀመጥንና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኳት። «ማንም ባይጠይቅሽ፣ ማንም ባይታዘብሽ፣ ነገ ጠዋት ምን ስትሠሪ ትገኚ ነበር?» በጣም ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ቢሮ መግባት እኮ አልፈልግም» አለች። በዓመት ውስጥ ለማንም ያልተናገረችው ነው። እኔ ያን ሁሉ ሰዓት ስለ ሲቪ ሳወራት ነበር።

ከታላቅ ሰው ጋር ስትሆኑ አጠያየቁ ይለያል። ከአባቴ እኩያ ጋር «ምን ይፈልጋሉ?» ብሎ በቀጥታ መግባት ድፍረት ይመስላል። «እርስዎ ነገሩን እንዴት አዩት?» ወይም «እስቲ የእርስዎን ልስማ» ብላችሁ ግቡ። አንቱታው ጥያቄውን አያላላውም፣ መንገድ ይከፍትለታል።

ሦስተኛ፦ የንግግሩ ቅርጽ

ዝም ብሎ መስማት ብቻውን ወሬ ይሆናል። ቅርጽ ያስፈልጋል። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተቀረጸ ግሮው የሚባል ስልት አለ። ለጀማሪ ከእሱ የተሻለ አላየሁም። አራት ደረጃ አለው፤ ግብ፣ ያለበት ሁኔታ፣ አማራጭ፣ ውሳኔ። ለ45 ደቂቃ ይበቃል። እንዴት እንደሚሄድ በምሳሌ ላሳያችሁ። ማንም እንዳይታወቅ የሁለት ሦስት ሰዎችን ታሪክ አንድ አድርጌዋለሁ።

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ ወጣት ናት። «የራሴን ስፌት ቤት መክፈት እፈልጋለሁ» ብላ ትመጣለች። ይህ የብዙ ዓመት ነገር ነው፣ በአንድ ቀን አይያዝም። ስለዚህ «ዛሬ ከዚህ ስትነሺ ምን ቢለይልሽ ጥሩ ነው?» ትጠየቃለች። ታስብና «ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ ልቆይ የሚለው» ትላለች። አሁን የዛሬው ግብ ተገኘ። አሥር ደቂቃ ቢፈጅም አትቸኩሉ። ግቡ ካልጠራ የቀረው ሁሉ ይበላሻል።

ቀጥሎ ያለችበት ሁኔታ። «እስካሁን ምን ሞክረሻል?» ለጎረቤት ቀሚስ ሰፍታለች፣ ለሁለት ሰርግም ሠርታለች። «ምን ያህል ተረፈሽ?» ዝም። እዚህ ላይ «ሒሳብ መያዝ አለብሽ!» ማለት በጣም ያምራል። አትበሉ። ትንሽ ከቆየች በኋላ ራሷ «ለካ አትርፌ ይሁን ከስሬ አላውቅም» ትላለች። ይህን እናንተ ብትነግሯት ተግሣጽ ነበር። ራሷ ስትለው ግኝት ነው።

ከዚያ አማራጭ። «ምን ምን ማድረግ ይቻላል?» የመጀመሪያዎቹ ሁለት መልሶች ቶሎ ይመጣሉ፤ ሥራ መልቀቅ ወይም መቆየት። «ሌላስ?» በሉ። እንደገና «ሌላስ?»። ጥሩው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ነው። ቅዳሜና እሁድ ብቻ መሥራት፣ ከጓደኛ ጋር አንድ የስፌት መኪና መከራየት፣ እቁብ ገብቶ መኪናውን በዕጣው መግዛት። ሁሉንም እሷ ትጻፍ፣ በራሷ እጅ።

በመጨረሻ ውሳኔ። «ከእነዚህ የትኛውን? እስከ መቼ?» ስትሉ ብዙ ሰው «ኢንሻአላህ በቅርቡ» ወይም «እግዜር ካለ» ይላል። ይህን እንደ ማምለጫ አትቁጠሩት። የእምነት ቃል ነው፣ አክብሩት። «ኢንሻአላህ። ቅዳሜ ስንት ሰዓት ላይ?» በሉና ቀጥሉ። አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «እንደምታደርጊው ከ10 ስንት እርግጠኛ ነሽ?» ከ7 በታች ካለች እርምጃው በዝቷል ማለት ነው። «ምን ብንቀንስለት 8 ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህቺኛዋ «ሱቅ ልፈልግ» ያለችውን ወደ «ለሁለቱ ሰርግ ያወጣሁትንና የተቀበልኩትን ዛሬ ማታ ጽፌ ልደምር» አወረደችው። ወጪና ገቢዋን ካወቀች በኋላ ለሁለት ወር ሥራዋ ላይ ለመቆየት ራሷ ወሰነች።

አራተኛ፦ ሦስት ሰው በነጻ

ሦስት ፈቃደኞች ፈልጉ። ከእያንዳንዳቸው ጋር በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ ተገናኙ። 18 ቆይታ ይሆናል። ያ ከማንኛውም የሦስት ቀን ሥልጠና የበለጠ ያስተምራችኋል።

ዘመድ አትያዙ። የትዳር ጓደኛ፣ አለቃ፣ ገንዘብ ያበደራችሁት ሰውም አይሆንም። ውጤቱ እናንተንም የሚነካችሁ ከሆነ ጥያቄያችሁ ንጹሕ አይሆንም። የጓደኛ ጓደኛ ጥሩ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ወይም የወይዘሮ ስሂን ኮሌጅ ተመራቂ ጥሩ ነው፤ እንዲህ ያሉ ወጣቶች ቁርጥ ያለ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ።

ቦታውም ይታሰብበት። ደሴ ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ፒያሳ ካፌ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ትዳሩ የሚናገር የለም። ጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ የአክስቱ ልጅ ሊኖር ይችላል። ጸጥ ያለ ቢሮ ከሰዓት በኋላ የሚያውስ ሰው ፈልጉ። ካልተገኘ በእግር እየሄዳችሁ አውሩ። ጎን ለጎን ሲሄዱ ዓይን ለዓይን ስለማይተያዩ ዓይን አፋር ሰው ይናገራል። ወንድና ሴት ከሆናችሁ በሩ ክፍት የሆነ፣ ሰው የሚያየው ግን የማይሰማው ቦታ ምረጡ። አንዱ ደሴ ሌላው ኮምቦልቻ ከሆነ በየጊዜው የሐረጎን ዳገት መውረድና መውጣት ያሰለቻል። የመጀመሪያውን በአካል አድርጋችሁ ሌላውን በስልክ ቀጥሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ገጽ ስምምነት ጻፉ። ስንት ጊዜ እንደምትገናኙ፣ የቀረ ሰው በስንት ሰዓት ቀድሞ እንደሚያሳውቅ፣ የተነገረው ለማንም እንደማይነገርና ምሥጢሩ የሚቀርበት አንድ ሁኔታ፤ እሱም የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ነው። ማስታወሻችሁ ላይ ሙሉ ስም አትጻፉ። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አውጥታለች። የሰው ምሥጢር መያዝ ከሥነ ምግባርም አልፎ የሕግ ጉዳይ ሆኗል።

አምስተኛ፦ ማቆሚያውን ማወቅ

ይህን ከልቤ ነው የምጽፈው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ ነበር። ያን ጊዜ የተፈናቀለ፣ ሱቁ የተዘረፈ፣ ሰው የሞተበት ጎረቤት አለን። ስለ ሥራ ፍለጋ ላዋራችሁ ብሎ የመጣ ሰው ከሥር ይህን ይዞ ሊሆን ይችላል። «ግብህ ምንድን ነው?» እያላችሁ ያልዳነ ቁስል ልትነካኩ ትችላላችሁ። ኮቺንግ ሕክምና አይደለም።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለው፣ ይወደው የነበረው ሁሉ ካስጠላው፣ ያየው ነገር እንደ አዲስ እየመጣ ካስደነገጠው፣ ወይም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ፣ የእናንተ ሥራ እዚያ ላይ ያበቃል። በደግነት ወደ ባለሙያ አድርሱት። ደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። «እኔ አልችልም» ብሎ መሸሽ ሳይሆን «ይህን በደንብ የሚያውቅ ሰው አለ፣ ከፈለግክ አብሬህ እሄዳለሁ» ማለት ነው።

«ሕይወት ሰልችቶኛል» የሚል ቃል ከሰማችሁ አትለፉት። «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣበትም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት። የሚያምነው የቤተሰብ ሰው ይጠራ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ።

ጠበል የሚሄደውን፣ ዱኣ የሚያስደርገውን ሰው አትሞግቱ። እሱ ብርታቱ ነው። ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን እንዲሄድ ማገዝ ይቻላል።

ስድስተኛ፦ ሥልጠናና ወረቀት

አሁን ስለ ሰርተፍኬት ማሰብ ትችላላችሁ። በዓለም በስፋት የሚታወቀው አይሲኤፍ የሚባለው ዓለም አቀፍ የኮቺንግ ፌዴሬሽን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተ። የመጀመሪያ ደረጃው ኤሲሲ ይባላል። ቢያንስ 60 ሰዓት ትምህርት፣ 100 ሰዓት የኮቺንግ ልምድ እና ከዚህ ውስጥ 75ቱ ክፍያ የተፈጸመባቸው፣ በተጨማሪ 10 ሰዓት ከአሠልጣኝ ኮች ጋር ይጠይቃል። ፈተናም አለው። ቀጣዩ ደረጃ ልምዱን ወደ 500 ሰዓት ያደርሰዋል።

እነዚህን ቁጥሮች የጻፍኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ሰዓታችሁን መዝግቡ፣ በኋላ ይጠቅማችኋል። ሁለተኛ፣ «በሦስት ቀን የተመሰከረለት ላይፍ ኮች ትሆናላችሁ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ልዩነቱ ይገባችኋል። ሥልጠና ከመክፈላችሁ በፊት አሠልጣኙን ጠይቁ፤ ስንት ሰዓት ራሴ እለማመዳለሁ? ስለማመድ ማን ያየኛል? ወረቀቱን የሚያውቀው ማነው? መልሱ ከተድበሰበሰ ብራችሁን ያዙ።

ሕጉ ቀላል ነው። መክፈል የሚፈልግ ሰው ሲመጣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጡ፣ ከከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ በየትኛው የሥራ መደብ እንደምትመዘገቡ ጠይቁ፣ ፈቃድ ያዙ። መደበኛ ሥራችሁን አትልቀቁ።

ዋጋ ስታወጡ 45 ደቂቃውን ብቻ አትቁጠሩ። መንገዱ፣ ዝግጅቱና ማስታወሻው ሲደመር ሁለት ሰዓት ይጠጋል። በከተማችሁ ለግል አስጠኚ በሰዓት የሚከፈለውን መነሻ አድርጉ። ለስድስት ቆይታ አንድ ላይ አስከፍሉ፣ ግማሹ መጀመሪያ ግማሹ በሦስተኛው ቆይታ፣ በቴሌብር። በየጊዜው ብር መቀበል ንግግሩን ያደፈርሰዋል። ሥራ ታገኛለህ፣ ትዳርሽ ይስተካከላል ብላችሁ ቃል አትግቡ። ቃል የምትገቡት በሰዓቱ መምጣትን፣ በደንብ መስማትንና ምሥጢር መጠበቅን ነው።

ሰባተኛ፦ ከእያንዳንዱ ቆይታ በኋላ

ሰውየው ከወጣ በኋላ ሳትነሱ ሦስት መስመር ጻፉ። የሰውየው ውሳኔ ምን ነበር? ከእኔ ጥያቄዎች የሠራው የቱ ነው? ከሁለታችን ማን የበለጠ አወራ? ከግማሹ በላይ እናንተ ካወራችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ገጹ አናት ላይ «አቦል» ብላችሁ ጻፉ፤ ልምምዱን ያስታውሳችኋል። እኔ አሁንም እጽፋለሁ።

በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ይህንኑ ሥራ ከሚለማመድ ሌላ ሰው ጋር ተቀመጡ። ስም ሳትጠሩ የከበዳችሁን አንድ ቆይታ ንገሩት። እሱ ይጠይቃችሁ፣ እናንተ መልሱ። በሚቀጥለው ወር እናንተ ትጠይቁታላችሁ። እኔ ከኮምቦልቻ አንድ እንዲህ ያለ ወዳጅ አለኝ። ተራ በተራ ሐረጎን እየወጣንና እየወረድን ይህንን ካደረግን ሁለተኛ ዓመታችንን ይዘናል።